በሰከንድ ሺህ ጊዜ የሚቀሰቀስ ስልክ

ባለቤቴ ኢልፖ የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልረገጠም። እዚሁ ኦውሉ ከተማ፣ ወረቀት ፋብሪካው ውስጥ የማሽን መቆጣጠሪያ ሲጠግን ኖሮ በአርባ ዓመቱ የስልክ ኩባንያ ቀጠረው። ሥራው ምን እንደሆነ ስጠይቀው «ስልክ አስተኛለሁ» ይለኛል። እኔ ትምህርቴን በአሥራ አምስት ዓመቴ ትቼ የአረጋውያን ቤት አጸዳለሁ። ሰው ማስተኛት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የስልኩ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በዚያ ክረምት ኩባንያው ሰው ሊቀንስ ነው ተባለ። አዲሱ ስልክ ባትሪው ሳይሞላ አራት ቀን መቆየት ሲገባው፣ እንቅልፍ አጥቶ በአንድ ቀን ተኩል ይሞታል። እስከ ረቡዕ ስብሰባ ካልተስተካከለ መጀመሪያ የሚሰናበተው ዲግሪ የሌለው ኢልፖ ነው። እሱ ግን ጥፋቱ የሚርቫ ነው ብሎ ለአለቃው ጽፏል። ሚርቫ የስልኩን ሙዚቃ ማጫወቻ ፕሮግራም የምትሠራ፣ ከእኛ ሁለት ቤት አልፋ የምትኖር ሴት ናት።

ሐሙስ እንደ ወትሮው የአተር ሾርባ እየበላን ጠየቅሁት።

«የተኛ ነገር ለምን ይቀሰቀሳል?»

«ውስጡ ደወል አለ። በደወለ ቁጥር ዋናው ፕሮግራም ነቅቶ ሥራ አለ ወይ ይላል። በሰከንድ መቶ ጊዜ ይበቃዋል። አንዱ ፕሮግራም ሺህ ይሁንልኝ ካለ ግን ለሁሉም ሺህ ይሆናል።»

«ሺህ! እኔ አንተን በቀን አንዴ ነው የምጠይቅህ፤ እሱንም አትመልስ።»

«ባትሪዬ የቆየው ለዚህ ነዋ።»

«እንግዲያ አንድ ሽማግሌ እንቅልፍ እምቢ ስላለው የኮሪደሩ መብራት ለሁሉም ይበራል በለኛ።»

«እንደዚያ በይው።»

«ያ ሽማግሌ ሚርቫ መሆኗን በምን አወቅህ?»

«ደወሉን የሚቆጥር ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ገና ከመጀመሪያው ስልኩ ውስጥ ከትቻለሁ። ሺህ ቆጠረ፤ ሺህ የሚፈልግ ደግሞ ሙዚቃ ነው።»

«እሱስ ሳይነቃ ነው የሚቆጥረው?»

ማንኪያው አየር ላይ ቀረ። ክፉ ነገር የተናገርሁ መስሎኝ ደነገጥሁ።

«አንድም እንዳያመልጠው ብዬ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሺህ ይሁንልኝ ያልሁት እኔ ነኝ።»

ሾርባውን ትቶ ካፖርቱን ለበሰ። ተከትዬው ወጣሁ። ሚርቫ በሯ ላይ ቆማ ሰማችውና ሳቀች።

«እንቅልፍ የሚጠብቀው ዘበኛ ራሱ ከበሮ ሲመታ ከርሟል በለኛ! እኔን ደግሞ ለአለቃ ከሰሃል።»

«ረቡዕ በሁሉም ፊት እናገራለሁ።»

«መጀመሪያ ቆጣሪህን አውጣና ስልኩን አስተኛው። ከዚያ እናያለን።»

ዓርብ ጠዋት ቆጣሪውን አጥፍቶ፣ ባትሪውን ሞልቶ ስልኩን የዳቦ መሳቢያው ውስጥ አስቀመጠው። «እንዳትነኪው፤ ከነካሽው ይነቃል» አለኝ። መሳቢያው ስለተያዘ አጃ ዳቦውን ወንበር ላይ አስቀምጬ ቆረስሁ። እሑድ ከሳውናው የእንፋሎት መታጠቢያ ሲወጣ ፎጣውን እንደታጠቀ መሳቢያው ፊት ቆመ።

«በሕይወት አለ?» አልሁት።

«አላውቅም።»

«ክፈተውና እየው።»

«ካየሁት ይነቃል አልሁሽ እኮ!»

ሁሉን የሚቆጥር ሰው አሁን አለማወቅ ሥራው ሆነ።

ማክሰኞ ጠዋት ሚርቫ ራሷ መጥታ መሳቢያውን ከፈተች። ስልኩ በሕይወት ነበር፤ የባትሪው ምልክት ላይ አንድ መስመር ቀርቶታል።

«ስንት ጊዜ ነቃ?» አለችው።

«ልቁጠር ካልሁ እቀሰቅሰዋለሁ።»

«አለቃው እኮ ቁጥር ይፈልጋል።»

«አራት ቀን። ቁጥሩ ይኸው ነው።»

ረቡዕ እንደ ቃሉ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ተናገረ። ተባርሮ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ሌሎቹ ፕሮግራሞች ደወሉን ስንት ጊዜ እንደሚጠይቁ ፈትሽ ተብሎ መጣ።

«ያጠፋውን ዳኛ አደረጉት?»

«ያጠፋ ያውቀዋል አሉ።»

በጸደይ የተሰናባቾቹ ዝርዝር ሲወጣ የኢልፖ ስም አልነበረበትም፤ የሚርቫ ግን ነበረበት። የሙዚቃው ሥራ ለሌላ ከተማ ተሰጥቷል አሏት። ቤቷን ስትለቅ ዕቃዋን መኪና ላይ የጫነላት ኢልፖ ነው። ስትሄድ እጁን ጨበጠችው።

እቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«ያስባረራት ያ መጀመሪያ ለአለቃው የጻፍሁት ደብዳቤ ይሆን?» አለኝ።

አላውቅም አልሁት። እውነትም አላውቅም።