ጊታሩን የነከሱት ጋሼ

አይጥ አይደለም። ስንቴ ልናገር? ሱቄ የገባ ሰው ሁሉ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን ጊታር ያይና «አይጥ ጨርሶብሃል፣ መርዝ አርግበት» ይለኛል። ትናንት ማይክ ሊከራይ የመጣ አንዱ ደግሞ ጠርዙን በጣቱ ዳሰስ አርጎ «ይሄማ ውሻ ነው» ብሎ ፈረደ። የሰው ጥርስ ነው። ሰባ ያለፋቸው የአንድ ጋሼ ጥርስ ነው። ከፈለጋችሁ ቁጠሩት፣ ከላይ አራት፣ ከታች ሁለት። የቀረውን እሳቸውም አልነበራቸውም።

ቀደዳ ነው ትላላችሁ፣ አውቃለሁ። ቃሊቲ ውስጥ በቀደዳ የሚወዳደረኝ የለም፣ እሱን አልክድም። ይሄን ግን አልቀደድኩም። ጊታሩን ልወለውለው ሳወርደው እንጨቱ እስካሁን የማሽን ዘይትና የቆየ ጥጥ ይሸታል። እሱ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ደንበኛ ፊቴ ቆሞ እንኳ አይታየኝም።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከትምህርት ጋር ስምንተኛ ክፍል ላይ በሰላም ተለያይተናል። ሁለት ሞንታርቦ፣ ያው ትልልቁ የድምፅ ሳጥን፣ አንድም ሚክሰር ነበረኝ፣ ለልደት ለሰርግ አከራይ ነበር። ዲጄ በሉኝ እል ነበር፣ ማንም አይለኝም እንጂ። ከጋሼ ጋር አንድ ግቢ ነበርን። የቀበሌ ቤት ነው፣ አንዱ ሲያስነጥሰው አራት ቤት «ይማርህ» የሚልበት።

ጋሼ ዕድሜያቸውን በሙሉ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ላይ ነው የሠሩት። በወጣትነታቸው ግን የፋብሪካው ባንድ ጊታሪስት ነበሩ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ በስልሳዎቹ። እሁድ እሁድ ከሰዓት ደጃቸው ላይ ሁለት ሰው ይመጣ ነበር። አንደኛው ለባንዱ በሙሉ ሱሪ የሰፉት ልብስ ሰፊ ናቸው። ሁለተኛዋ ከፋብሪካው ክር ክፍል ጡረታ የወጡ እትዬ ናቸው፣ ባንዱ በተጫወተበት ሁሉ ከፊት ቆመው የጨፈሩ። ሦስቱ ፀሐዩ ላይ ወንበር ያወጡና ስለ ሮክ ያወራሉ። እኔ ደግሞ ሞንታርቦዬ ላይ ቁጭ ብዬ እቆሰቁሳቸዋለሁ።

«ጋሼ፣ ሱሪያችሁ ከታች ስንት ነበር ስፋቱ?»

«አንተን ከነሳጥንህ ይውጥሃል» ይላሉ ልብስ ሰፊው።

«እሺ እንግሊዝኛውን ማን አስተማራችሁ?»

«ማን ያስተምረናል» ይላሉ ጋሼ። «አስመራ ካሉት የአሜሪካን ወታደሮች የመጣች አንዲት ሸክላ ነበረችን። እስክታልቅ አዳመጥናት። አፋችን እንዳመጣልን ነው የምንዘፍነው።»

«እኔ ግን ይገባኝ ነበር» ይላሉ እትዬ።

«ምን ይል ነበር እትዬ?»

«ከፊት ቆመሽ ጨፍሪ ይል ነበራ።»

ሁሌ የሚመለሱት ግን አንድ በዓል ላይ ነው። የፋብሪካው ሠራተኞች ዓመታዊ በዓል። ሁለት የጭነት መኪና ጀርባ ለጀርባ አቁመው መድረክ ሠሩ፣ ከተማውም ከሳሪስም ከአቃቂም ነቅሎ መጣ ይላሉ። ከመጋዘኑ የጥጥ ብናኝ እየተነሳ አምፖሉ ሥር ይበር ነበር፣ የባንዱ ልጆች አፍሮ ላይ ያርፍና ሁሉም እንደ ሽማግሌ ይሸብታሉ። ማይኩ ከንፈር ይነዝራል። ዝናብ መጣ፣ የሄደ ሰው የለም። ጋሼ እዚህ ጋ ሲደርሱ ሁሌ ደረታቸውን በመዳፋቸው ይነኩ ነበር። «ድምፁ በጆሮ አልነበረም የሚገባው፣ በዚህ ነው» ይላሉ።

ታዲያ እያወሩ ሳለ ነው ለጋሼ እየደገምን መናገር የጀመርነው። መጀመሪያ ሁለቴ፣ ቀጥሎ ሦስቴ፣ ከዛ መጮህ። «ጆሮዬን የበላው ማሽኑ ነው፣ ሮክን እንዳታሙት» ይሉ ነበር። ሐኪሙ ከክረምቱ በኋላ ምንም ላይሰሙ እንደሚችሉ ነግሯቸዋል። አንድ ቀን በሬ ላይ መጥተው ቆሙ፣ ጊታሩን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለው።

«አንተ ቀዳዳ» አሉኝ። «ሳጥኖችህን አንድ ቀን አውጣልኝ። እኔ ቤት ያለችው ትንሽ ሳጥን ድምጿ አይደርሰኝም። አንዴ በትልቁ ልስማውና ይበቃኛል።»

የዛን እሁድ ማድረግ እችል ነበር። ሳጥኖቹ ቤት ናቸው፣ ሥራ የለኝም። ይሄን ስናገር ያመኛል፣ ግን እውነት ነው። እኔ ምን አልኩ? «ጋሼ፣ በሁለት ሳጥን የሕፃን ልደት ነው የሚከበረው። ለእርስዎ አራት ነው የሚገባው። ጓደኛዬ ሁለት አለው፣ ገላን ኮንዶሚኒየም ለሰርግ ተይዘውበታል፣ ሁለት ሳምንት ይታገሱኝና ድምፁን ሳሪስ አቦ አደርስልዎታለሁ። ማረሚያ ቤት ያሉትም በነፃ ይሰማሉ።» ሰፈሩን በሙሉ ዞሬ አወራሁ። ማንም የማይችለውን እንደማደርግ ይታይልኝ ብዬ ነው። ጋሼ «አንተ ካልክ» ብለው ሄዱ።

ሁለት ሳምንቱ ሞላ። እሁድ ጠዋት አራቱንም ሳጥን ግቢ ውስጥ ደርድሬ ገመድ እየዘረጋሁ ነው፣ ከአጠገባችን ካለው ቤት ጩኸት ተሰማ። ከወሎ የመጡ እናት ናቸው፣ አንድ ልጃቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። መንገድ ላይ ተገልብጦ መሞቱን ነው የሰሙት። ቀኑ ሳይጋመስ ድንኳኑ ተተከለ።

ጋሼ ከለቅሶው መጥተው «ሳጥኖቹን አስገባቸው» አሉኝ።

«ሦስት ቀን ቆይተን እናድርገው» አልኳቸው፣ ጆሯቸው ሥር ጮኼ።

«አርባው ይውጣ። ሚስቴ የሞተች ጊዜ ይቺ ሴት አርባ ቀን ሬድዮዋን አልከፈተችም። የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው።»

«ሌላ ሰፈር ወስጄ ልክፈትልዎት።»

«ጎረቤቴ ሐዘን ተቀምጣ እኔ ሌላ ሰፈር ሄጄ ጊታር ልምታ?»

«ጋሼ፣ ጆሮዎ እኮ...»

«የኔን ጆሮ እሷ ላይ አልጭንባትም» አሉ። ሌላ አልጨመሩም፣ ተመልሰው ድንኳን ገቡ።

ያን አርባ ቀን የማልረሳው በድምፁ አይደለም፣ ድምፅ በማጣቱ ነው። ዝናቡ ብቻ ነበር ቆርቆሮውን የሚያንኳኳው። ጋሼ በየቀኑ ሐዘንተኛዋ ጋ ይቀመጣሉ፣ በየቀኑም መስማታቸው ይቀንሳል። ሃያኛው ቀን አካባቢ ልብስ ሰፊው ጠሩኝ። ጋሼ ቤት በሩ ተዘግቷል፣ በመስኮቱ ቀጭን ብርሃን ይገባል፣ እትዬም አሉ። ጋሼ ጊታሩን አቅፈው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። የኤሌክትሪክ ጊታር ሳጥን ከሌለው ወባ ትንኝ በሉት፣ እዚያው ካጠገቡ ካልሆነ አይሰማም። ጋሼ መቱት። ራሳቸውን ነቀነቁ። ደግመው መቱት። ከዛ ከፍ አርገው አነሱና የጊታሩን ቀንድ፣ ያንን ሾጠጥ ያለ ጠርዙን፣ ነከሱት።

እኔ ሳቄ መጥቶ ነበር። አልክድም። እትዬ ግን ተጠግተው ጆሯቸውን እንጨቱ ላይ ለጠፉ። ልብስ ሰፊውም በዚያኛው በኩል ለጠፉ። ሦስት ሽበት አንድ ጊታር ላይ። ጋሼ ነክሰው እንደያዙ የዛን የበዓሉን ዘፈን መቱት፣ እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው እግራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። እኔም ሄጄ ግንባሬን አስደገፍኩ። እንጨቱ ውስጥ ሌላ ትልቅ ድምፅ አለ፣ ከውጭ የማታውቁት፤ ግንባሬን አልፎ ጥርሴ ድረስ መጣ።

ሲጨርሱ «ሰሙት?» አልኳቸው በምልክት።

«ይመጣል» አሉ፣ ምራቃቸውን ከእንጨቱ ላይ በእጅጌያቸው እየጠረጉ። «ግን ከሩቅ ነው። ወንዝ ማዶ ሰርግ እንዳለ ነው።»

ያን ማታ በጉራዬ ያስጠበቅኳቸው ሁለት ሳምንት መጡብኝ። እስከ ዛሬም ይመጡብኛል። አንዳንዴ አሁን ልጆች ሱቄ ገብተው «ይሄ ጊታር ብሉቱዝ አለው?» ሲሉኝ እስቅና፣ ሲወጡ በሩን ዘጋ አደርጋለሁ።

አርባው ወጣ፣ ሰደቃው ተበላ። በማግስቱ የሹፌሩ እናት ራሳቸው በሬን አንኳኩ። «ልጄ፣ ለጋሼ ክፈትላቸው» አሉኝ። «የኔም ልጅ መኪናው ውስጥ ሙዚቃ አያጠፋም ነበር።» ከዚህም ከዚያም ለምኜ ሳጥኑን ስድስት አረኩት። ልብስ ሰፊው ለጋሼ ከታች እንደ ቀሚስ የሚሰፋ አዲስ ሱሪ ሰፍተው አመጡ። እሁድ ከሰዓት ግቢው ሞላ፣ አጥር ላይ የተሰቀለ ሁሉ ነበር።

ጋሼ ቆመው መቱት።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ሕፃናት ጆሯቸውን ያዙ፣ እርግቦቹ ከጣራው ተነሱ፣ እትዬ ከዘራቸውን ጥለው ከፊት ወጡ። ጋሼ እጃቸውን ሳያቆሙ ቀና ብለው አዩኝና ፈገግ አሉ።

«ክፈተው እንጂ» አሉኝ።

ሚክሰሩን እስከ መጨረሻው ገፋሁት። ሳጥኖቹ አፏጩ።

«ክፈተው፣ ምን ትጠብቃለህ?»

እትዬ መጨፈር አቆሙ። ሰዉ ሁሉ እኔን ያያል። ከዛ በአንድ መዳፌ የሚክሰሩን ቀይ መብራት ሸፈንኩት፣ በሌላው እጄ በረንዳው ላይ ያለውን አምፖል አሳየኋቸውና ራሴን ነቀነቅኩ። መብራት ጠፋ ማለቴ ነው።

መጀመሪያ የተቀበሉኝ ልብስ ሰፊው ናቸው። እጃቸውን እያወናጨፉ ወደ መብራት ምሰሶው ዞረው ተሳደቡ። የሹፌሩ እናት ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው የለም፣ የለም አሉ። አጥር ላይ ያሉት ልጆች ጆሯቸውን ለቀው እንደ ትልቅ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። ማንም አልነገራቸውም።

ጋሼ ሄደው አጠገባቸው ያለው ሳጥን ላይ እጃቸውን አሳረፉ። የጊታሩ ክር መንዘሩን ገና አላቆመም፣ ሳጥኑ ከመዳፋቸው ሥር ይንቀጠቀጣል። አየሁት። ማየቴንም አዩ። እጃቸውን ቶሎ አላነሱም።

«ጠፍቷል» አሉ በመጨረሻ። «ያኔም መድረክ ላይ እያለን እንዲህ ያረጉን ነበር።» ጊታሩን ከትከሻቸው አውልቀው አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። «ሲመጣ ትጠራኛለህ።»

ከዛ ሁለት ዓመት ኖሩ። ግቢ ውስጥ ስንተላለፍ በቅንድባቸው ወደ አምፖሉ ያመለክቱኛል፣ እኔም ገና ነው ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ትከሻዬን መታ አርገውኝ ያልፋሉ። አንድም ቀን ሳይጠይቁኝ አልፈው አያውቁም። የመጨረሻዋ ሳምንት ላይ እንኳ፣ ከአልጋ መነሳት ሲያቅታቸው።

እና ውሸታም ያላችሁኝ፣ ሂዱ። ልብስ ሰፊውን ጠይቁ፣ እትዬን ጠይቁ፣ የሹፌሩን እናት ጠይቁ። አጥር ላይ የነበሩት ልጆች ዛሬ ጎርምሰው ታክሲ ተራ ነው የሚውሉት፣ እነሱንም ጠይቁ። ያን እሁድ መብራት ነበር ወይ በሏቸው። አንድ ሰው እንኳ «ነበር» ካላችሁ፣ ተመለሱና እንደፈለጋችሁ ስደቡኝ።