የእናቴ ግቢ ንጣፍ ቀለም

ቅዳሜ ጠዋት ፍኖተ ሰላም፣ የእናቴን የግቢ በር ገፋ አድርጌ ገባሁ... ንጣፉ የለም።

ቆምኩ። የሰው ግቢ የገባሁ መሰለኝ። ባለፈው ሳምንት ተነጥፎ ያለቀው፣ ቀለሙን ለመምረጥ እንቅልፍ ያጣሁበት ንጣፍ... የለም።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። በክረምቱ እናቴን ደጃፋቸው ላይ ጭቃ አዳልጧቸው ወደቁ። እግዜር ይመስገን አጥንታቸው አልተሰበረም። ከዚያ ወዲህ ግን ደጅ መውጣት ፈሩ። ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር። እኔ ባሕር ዳር ሆኜ፣ ድምፃቸው በስልክ እየቀነሰ ሲሄድ ይሰማኛል። ከግቢው አቮካዶ ዛፍ ሥር ደረቅ መቀመጫ እንዲኖራቸው ግቢውን ላስነጥፍ ወሰንኩ።

ቀላል ሥራ መስሎኝ ነበር።

ግራጫው የሆስፒታል ኮሪደር ሆነብኝ። ነጩ ዓይን ይወጋል። እኔ የፈለግኩት ሞቅ ያለ፣ ግን ዝም ያለ ቀለም ነው። ቡሬ ድረስ ሄጄ የሲሚንቶ ንጣፍ ናሙና ይዤ መጣሁ፤ ቡላ፣ ዳማ፣ ገብስማ። ግድግዳው ሥር ደርድሬ ጠዋት አየኋቸው። ቀትር ላይ አየኋቸው። ውኃ አፍስሼ አየኋቸው። ቡላው ጠዋት ይስቃል... ከሰዓት ይገረጣል።

«እቴቴ፣ ለእርስዎ የትኛው ይሻላል?»

«ላንተ ደስ ያለህ።»

«የሚቀመጡበት እርስዎ ነዎት እኮ!»

«ደግ ነው። ሁሉም ደግ ነው፣ ልጄ።»

ደግ ነው። በዚህ ቃል ሰው ይናደዳል? እኔ ተናደድኩ። አንድ ጊዜ እንኳ «ይሄ አማረኝ» ቢሉኝ ምን ነበረበት?

ግንበኛው አዱኛ አካፋውን ተደግፎ ይጠብቀኛል። «ወንድሜ፣ ሚስት ስትመርጥም እንዲህ ነበርክ?»

«አላገባሁም።»

«እኔስ ምን አልኩ!»

በመጨረሻ ቡላው ተነጠፈ። እናቴ በበሩ ብቅ ብለው አዩት፣ «ደግ ነው» አሉ፣ ተመልሰው ገቡ። አንድ እግራቸውን እንኳ አላሳረፉበትም። ወደ ባሕር ዳር ስመለስ መንገዱን ሙሉ የማስበው አንድ ነገር ነበር... ዳማው ይሻል ነበር?

እንግዲህ ቅዳሜ፣ በቡላው ፋንታ ያየሁት አረንጓዴም ቡናማም የሆነ፣ የጣት ቅስት ያለበት እርጥብ ሜዳ ነው። ሽታው ቀድሞ ነገረኝ።

እበት።

እናቴ መሀሉ ላይ አጎንብሰው በእጃቸው ይለቀልቃሉ። ጎረቤታቸው እትዬ ጥሩዬ፣ ባለ ላሟ፣ ባልዲውን ይዘው ከጎናቸው ቆመዋል።

«እቴቴ! ምን እያደረጉ ነው?»

«የዝክር ብቅል ላሰጣ ነዋ!»

«ንጣፉ ንጹሕ እኮ ነው!»

«ሲሚንቶ ላይ ብቅል ይሰጣል እንዴ? ሰዉ ጠላዬን ቀምሶ ሲሚንቶ ሲሚንቶ አለኝ ይበል?»

«ቀለሙስ?»

«የምን ቀለም?» አሉ እትዬ ጥሩዬ ዙሪያውን እያዩ። ከልባቸው ነው የጠየቁት።

ለመጮህ አፌን ከፈትኩ... ግን እናቴ ባዶ እግራቸውን ከጫፍ ጫፍ ይመላለሳሉ። ግድግዳውን አልያዙም። የእኔንም እጅ አልጠየቁም። ድምፃቸው ከጎረቤት ግቢ ይሰማል።

ቀና አሉ፤ ወገባቸውን በክንዳቸው ደገፍ አድርገው ሥራቸውን አዩት።

«እይ እንግዲህ! አሁን አማረኝ።»

እኔ ቡሬ ድረስ ሄጄ የለመንኩትን ቃል... ለእበት ሰጡት።

በጠርዙ በኩል ፀሐይ የነካው መድረቅ ጀምሯል። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ሞቅ ያለ ነው። ዝም ያለ ነው። ከሰዓትም አልገረጣም፤ ቆሜ ጠብቄ አይቻለሁ።

አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ። ግቢ ልታስነጥፉ ያሰባችሁ ግን ናሙና ፍለጋ አገር ለአገር አትዙሩ፤ መጀመሪያ ላም ያለውን ጎረቤት ጠይቁ።