ቤርሳቤህ የተሸነፈችበት ስቲክ

ቤርሳቤህ ዱባይ ውስጥ አል ሪጋ በሚባለው ሰፈር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ነበረች። ባሕር በሌለበት መንገድ ላይ ቆሞ ባሕር የሚያሳይ ክፍል ካልሰጣችሁኝ ብሎ ጠረጴዛ ለሚደበድብ እንግዳ እንኳ አንገቷን ዘንበል አድርጋ «በጣም ይቅርታ፣ ጌታዬ» ትል ነበር። ቀኑን ሙሉ የዋጠችውን ንቀት የምትዘረግፈው ወደምትኖርበት ከተማ፣ አጅማን፣ ስትገባ ነው። አል ኑዓይሚያ ውስጥ ከወንድሟ ከደረጀና ከሚስቱ ከእታገኘሁ ጋር በምትኖርበት ቤት ሳሎኑን እየዞረች የእንግዶቹን አረማመድና አነጋገር አንድ በአንድ ስታስመስል ባልና ሚስት በሳቅ ይፈርሳሉ።

ኮሮና መጥቶ ሆቴሉ ሲዘጋ ያለ ደመወዝ እረፍት ውጪ ተባለች። ወደ ዱባይ የሚወስደው አውቶቡስ ቆመ፣ ሱቁ ሁሉ ተዘጋ፣ ሰው ሁሉ በየቤቱ ተከተተ። እንዲህ ሆኖ ቤርሳቤህ የምትንቀው ሰው አጣች።

የቀራት የደረጀ ፕሌይስቴሽን ነበር። ልጅ ሳለች ጎፋ ሰፈር ደረጀን ተከትላ ፕሌይስቴሽን ቤት እየገባች የድብድብ ጌም ተምራለች። «ሴት ናት፣ ትቅደም» ብለው የሚያስጀምሯት የሰፈር ወንዶች እየተሸነፉ ሲወጡ ፊታቸውን ማየት ከጨዋታው በላይ ያስደስታት ነበር። አሁንም ጎማው የተላጠ ጆይስቲኳን ይዛ ሶፋው ላይ ትተከላለች። ደረጀ ከቤት እየሠራ ስለሆነ ከእሷ ጋር የሚጫወተው በምሳ ሰዓት ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ሳንድዊቹን ሳይጨርስ ታሸንፈዋለች።

አቤኔዘር የመጣው በዚህ መሐል ነው። እዚያው ሕንፃ ላይ፣ ከነሱ ፎቅ ከፍ ብሎ የሚኖር፣ ዱባይ፣ አል ቁሰይስ ባለው የዕቃ ማጓጓዣ ድርጅት የደረጀ ክፍል ኃላፊ ነው። ሥራ ሲጨርስ ማስኩን አገጩ ላይ አንጠልጥሎ ይወርዳል። ሲናገር ሁልጊዜ ስብሰባ የሚመራ ይመስላል። ቤርሳቤህ ገና በመጀመሪያው ቀን «እግዜር የላከልኝ ሰው» አለች በልቧ።

በረመዳን አንድ ከሰዓት በኋላ አቤኔዘር ትልቅ ካርቶን አቅፎ ገባ። ከውስጡ ሰፋ ያለ ጥቁር ሳጥን አወጣ። በግራ በኩል ጫፉ ላይ ቀይ ድቡልቡል ኳስ ያለው ዘንግ ቆሞበታል፤ በቀኝ በኩል ጣት ሁሉ የየራሱን የሚያገኝበት ትላልቅ ቁልፎች ተደርድረዋል።

«ምንድን ነው ይሄ? የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዛህ እንዴ?» አለች ቤርሳቤህ።

«ስቲክ ነው» አለ አቤኔዘር ሳይስቅ። «የድብድብ ጌም የሚያውቅ ሰው በዚህ ነው የሚጫወተው። አንቺ የያዝሽው ጌምፓድ የልጆች ነው።»

«ይሄ? ይሄ ጆይስቲክ ነው።»

«ጆይስቲክ የሚባለው አዲስ አበባ ነው። ትክክለኛ ስሙ ጌምፓድ ነው።»

ደረጀ ሳል አስመስሎ ሳቁን ዋጠ። አቤኔዘር ግን ሳጥኑን ጭኑ ላይ አመቻችቶ ትምህርቱን ቀጠለ። ጌምፓድ ላይ ሥራውን ሁሉ የሚሸከመው አንድ ምስኪን አውራ ጣት ነው፤ ስቲክ ላይ ግን የእጅ አንጓው ሁሉ ይሠራል፣ ዘንጉ ሲዞር እጅ ራሱ ያውቀዋል። ጃፓን ውስጥ ትልልቅ የጌም አዳራሾች አሉ፤ እዚያ ጌምፓድ ይዞ የሚገባ ሰው የለም።

«ጃፓን ሄደህ ታውቃለህ?»

«ቪዲዮ አይቻለሁ።»

«በል ያላ፣ ጃፓናዊው፣ ቁጭ በል።»

የዚያን ቀን አቤኔዘር አንድም ዙር አላሸነፈም። ተዋጊው ወደ ፊት ሂድ ሲለው ወደ ላይ ይዘላል፤ ዘንጉ ትንሽ ወደ ላይ ከተንሸራተተ መዝለል ስለሚሆንበት። ሲዘል ቤርሳቤህ ከሥር ቆማ ትቀበለዋለች። እንደገና ይዘላል፣ እንደገና ትቀበለዋለች። በመጨረሻ «ሰውዬህ ቁንጫ ነው ወይስ ካራቲስት?» አለችው።

«እጄ ገና አልለመደውም» አለ።

ለሳምንታት እጁ አልለመደውም። መጀመሪያ ጥፋቱ የኳሱ ሆነና ዕንቁላል በሚመስል ረዘም ያለ እጀታ ተለወጠ። ቀጥሎ ጥፋቱ የስፕሪንጉ ሆነ። መንገድ ሲከፈት ሻርጃ የተበላሸ ዕቃ ወደሚጠግነው ወደ ቃሲም ሄዶ ጠንከር ያለ አስገባበት። ከዚያ ሳጥኑ ጭን ላይ ይንሸራተታል ተብሎ ከሥሩ ጎማ ተለጠፈበት። ሳጥኑ በየሳምንቱ ያምርበታል፤ ባለቤቱ በየሳምንቱ ይሸነፋል። ቁልፎቹ ደግሞ ሲመቱ የአናጺ ቤት ነው የሚመስለው። የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘችው እታገኘሁ ከመኝታ ቤት ሆና «ይሄ ልጅ መዶሻ እየሰማ ሊወለድ ነው እኮ!» ትላለች።

አቤኔዘር ሳጥኑን ደረጃ ላይ ማመላለስ ሰልችቶት እነሱ ቤት ይተወው ጀመር። አንድ ጠዋት ቤርሳቤህ ብቻዋን ስትሆን ጭኗ ላይ አድርጋ ሞከረችው። ግራ እጇ እንደ ሌላ ሰው እጅ ሆነባት፤ ቀኟ ቁልፍ ፍለጋ ተንከራተተ። ቪዲዮ ላይ በዚህ ነገር ተአምር የሚሠሩ ሰዎች አይታለችና ዕቃውን አልናቀችም። ለሚችለው ሰው ጥሩ ዕቃ ነው። የናቀችው አለመቻሉን በዕቃ ሊሸፍን የሚሯሯጠውን ሰው ነው። ሳጥኑን እንደነበረ መልሳ አስቀመጠችና መሞከሯን ለማንም አልተናገረችም።

ክረምቱ ሲገባ ድርጅቱ ሠራተኛ ሊቀንስ ነው ተባለ። በዚያው ሳምንት አቤኔዘር አንድ ሐሳብ አመጣ። ዓርብ ከሰዓት ከቤርሳቤህ ጋር የሚያደርገውን ግጥሚያ በስልኩ ቴሌግራም ላይ በቀጥታ ያስተላልፋል፤ የመሥሪያ ቤቱ ሐበሾች ሁሉ ይመለከታሉ። «አሁን እጄ ለምዷል» አለ።

ረቡዕ ዕለት ደረጀ እህቱን ወጥ ቤት ውስጥ አገኛትና በሩን ገፋ አደረገው።

«ቤርሲ፣ ዓርብ ተሸነፊለት።»

«ለማን? ለዚያ ለባለ ምድጃው?»

«የክፍላችንን ሰው የሚመዝነው እሱ ነው። በመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ፊት አዋርደሽው ሰኞ ስሜን ሲያይ ምን ትዝ እንደሚለው አስቢ። የእታገኝ ቪዛ በኔ ሥራ ላይ ነው፣ የሚወለደውም በኔ ነው። አንቺም ወደ ሹግልሽ፣ ወደ ሆቴሉ፣ እስክትመለሺ…»

ቤርሳቤህ ሽንኩርት መክተፏን አላቆመችም። «በጌም ተሸነፍኩ ብሎ ሰው ከሥራ የሚያስወጣ ከሆነ ከሰው አትቁጠረው።»

«አልቆጥረውም፣ ኸላስ። አንቺ ግን ተሸነፊለት።»

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ መሸነፍ ተለማመደች። ከማሽኑ ጋር እየገጠመች፣ ምት ሲመጣባት ዝም ልትል ሞከረች። አውራ ጣቷ እምቢ አለ፤ እሷ ሳታዝዘው ይከላከላል፣ ክፍተት ሲያይ ደግሞ ይመታል። እንደ ምንም አስገድዳ ስታስቀረው መዋሸቷ ከሩቅ ያስታውቃል። ጨዋታውን ትንሽ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይነቃል፤ «ለወንድሟ አለቃ ጨዋታውን ለቀቀችለት» ይላታል። ሰውን ስትንቅ የኖረች ሴት ራሷ መናቅን መሸከም አልቻለችም። ማታ ራት ላይ እታገኘሁ ወንበሯ ላይ ተደግፋ ሆዷን ስታሻሽ አየቻትና ዐይኗን ወደ ሳህኗ መለሰች።

ዓርብ አቤኔዘር ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ስልኩን መደርደሪያው ላይ አቁሞ ተመልካቾቹን በስማቸው እየጠራ ሰላም አለ። ሳጥኑን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ቤርሳቤህ ቀደመችውና ጭኗ ላይ አደረገችው።

«እንቀያየር» አለችው።

«ምን?»

«ስቲክ ይበልጣል ስትል ከረምክ አይደል? የሚበልጠውን ለኔ ስጠኝ። አንተ በዚህ በልጆቹ መጫወቻ አሸንፈኝ።» ጆይስቲኳን ዘረጋችለት።

አቤኔዘር ወደ ስልኩ ዞር አለ። ከስልኩ ውስጥ የሰው ሳቅ ይሰማል፤ አንዱ «ፈራህ እንዴ አለቃ?» አለ። እምቢ ማለት አልተቻለም። ጆይስቲኩን ተቀበላት።

ቤርሳቤህ ነገሩ ያማረላት መስሏት ነበር። በማትችለው ዕቃ ትጫወታለች፣ በእውነት ትሸነፋለች፣ ማንም ለቀቀችለት አይላትም፣ እሱም እንዲያው በአጋጣሚ ያሸነፈ መሳቂያ ሆኖ ይቀራል። ጨዋታው ሲጀመር ግን አንድ ነገር አስተዋለች። የአቤኔዘር ትከሻ ወረደ። ሳጥኑን ሲይዝ የሚቆጣው ፊቱ ፈታ አለ። ተዋጊው አልዘለለም። ቆሞ ጠበቃት። የሷ ሰውዬ እንደ ቁንጫ ዘሎ ሲመጣ አንድ እርምጃ አፈግፍጎ አሳረፈውና ከመሬት ጠለፈው። እንደገና ስትመጣ ዝቅ ብሎ ተከላከለና አንገቱን ይዞ ወረወረባት።

ቤርሳቤህ ደሟ ፈላ። መሸነፍ እንዳሰበች ረስታ የምሯን ታገለች። ዘንጉን እስኪሰበር አጎበጠችው፣ ቁልፎቹን በመዳፏ ደበደበቻቸው፤ አንድ ዙር እንዲያው በድብደባ አገኘች። የቀረውን በሙሉ አቤኔዘር ወሰደው። ሰውዬው ይችላል። ከሷ እኩል ይችላል።

«ዋላሂ ጉድ ነው!» አለ ደረጀ፣ ደስታው ሊያሳብቅበት ምንም አልቀረው።

አቤኔዘር ስልኩን አንስቶ ወደ ፊቱ አስጠጋ። «አያችሁ? በስቲክ ስለተለማመድኩ እኮ ነው ጌምፓዱ የቀለለኝ» አለ።

 ስርጭቱ ተዘግቶ ደረጀ ሻይ ሊያፈላ ሲሄድ ቤርሳቤህ አቤኔዘርን ጠየቀችው።

«የት ነው የተማርከው?»

«ምኑን?»

«አታስመስል። ይሄን አጨዋወት።»

አቤኔዘር ጆይስቲኩን አገላበጠ። «ኮልፌ። አክስቴ ፕሌይስቴሽን ቤት ነበራት። እኔ ነበርኩ ቤቱን የምጠብቀው። ተጫዋች ሲጎድል ጎዶሎውን እሞላለሁ።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ሳጥን ለምን?»

«እዚያ ሁሉም ጆይስቲክ ጎማው ያለቀ፣ ሽቦው በፕላስተር የታሰረ ነበር» አለ። ትክክለኛው ስም ጠፍቶበታል። «ዱባይ ድረስ መጥቼ፣ ኃላፊ ሆኜ፣ ያንኑ ልያዝ?»

ነገሩ ገባት። ገባት እንጂ አላዘነችለትም፤ እንዲያውም ይባስ አናደዳት። ለሷ የሚመጥን ተጋጣሚ ያን ሁሉ ከሰዓት በኋላ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር፤ ራሱን በሳጥን ሸፍኖ ከቁንጫ ጋር ሲያጫውታት ከረመ። «ደደብ ነህ» አለችው። አቤኔዘር አልተቆጣም።

የሚቀነሱት ሰዎች ስም ሲወጣ ደረጀ አልነበረበትም። አቤኔዘር ነበረበት። ሌሎቹን መዝን ሲባል እሱንም ከላይ የሚመዝነው ሰው ነበረ። ደረጀ ከሥራ ጓደኞቹ ሲሰማ ደግሞ አቤኔዘር የክፍሉን ሰዎች በተመለከተ የተጠየቀውን ጽፎ የላከው ከዚያ ዓርብ በፊት ነው፤ ስለ ደረጀም በጎ ብቻ ነው የጻፈው።

«ስለዚህ በከንቱ ነው የተሸነፍኩት» አለች ቤርሳቤህ።

«ማን አወቀ?» አለ ደረጀ ዐይኗን ሳያይ።

«አንተ ማወቅ ነበረብህ። ስንት ዓመት አብረኸው ሠራህ? እኔስ እንግዳ ነኝ፤ አንተ ጓደኛህን እንዲህ ነው የምታየው?» ለሁለት ቀን አላናገረችውም።

ነሐሴ ላይ አቤኔዘር ወደ አዲስ አበባ በረራ አገኘ። በመጨረሻው ቀን ሊሰናበት ሲወርድ ቤርሳቤህ ሁለት ጆይስቲክ አዘጋጅታ ጠበቀችው። አላከራከራትም፤ ተቀምጦ አንዱን አነሳ። አንዴ እሱ ያሸንፋል፣ አንዴ እሷ። ማንም ማንንም አልሰደበም፤ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የአውራ ጣት እንቅስቃሴ ብቻ ነበር። የመጨረሻውን ዙር እሷ ወሰደችው፤ ሁለቱም ተዋጊዎች በአንድ ምት የሚወድቁበት ደረጃ ደርሰው ነበር። 

«ጥሩ ትጫወታለህ» አለችው። ለማንም ሰው እንዲህ ብላ አታውቅም።

«ስቲኩን ውሰጂው» አላት። «ከቃሲም ጋር ተነጋግሬ ነበር፣ ገዢ የለውም አለኝ።»

«እኔ ምን ያደርግልኛል? ጣለው።»

ዕቃውን ልታወርድለት አብራው ወረደች። ሁለት ሻንጣ ነበረው፤ የስቲኩ ሳጥን ሦስተኛ ሆነ። ታክሲው ውስጥ ሲጫኑ አውሮፕላን ላይ ለአንድ መንገደኛ ከተፈቀደው በላይ መሆኑን ያሰበው ያን ጊዜ ገና ነው። አስፋልቱ ላይ ቆሞ አንዱን ሻንጣ ተመለከተ፣ ሳጥኑን ተመለከተ። ከዚያ ሻንጣውን አውርዶ ቤርሳቤህ እግር አጠገብ አቆመው።

«ልብስ ነው፤ ለሚፈልገው ሰው ስጪው» አለና ሳጥኑን ታቅፎ የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ታክሲው እስኪነሳ ድረስ እጁ ዘንጉ ላይ ነበር።

ቤርሳቤህ በዚያ ሙቀት ሻንጣውን እየጎተተች ተመለሰች። ሊፍቱ ተበላሽቶ ነበርና በየደረጃው ዕረፍት አደረገች። እታገኘሁ በር ከፍታ ሻንጣውን ስታይ «ረስቶት ሄደ?» አለቻት።

«አልረሳውም። ልብሱን ትቶ ምድጃውን ይዞ ሄደ።»

እታገኘሁ ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ የቤርሳቤህን ፊት አየችና ተወችው።