የሾና ግራ ጉንጭ

ከባሕር ማዶ ባለችው ትንሿ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ኢንቨርነስ ውስጥ ሰው ሲተዋወቅ መጀመሪያ ስም አይጠየቅም። «የማን ልጅ ነሽ?» ነው የሚባለው። የአባትሽን ስም፣ እሱ ካልበቃም የአያትሽን ቅጽል ስም ስትናገሪ ጠያቂው «አሃ» ብሎ ወንበር ይስብልሻል። ቬርና ጊሊስ ፀጉር መሥራት ከጀመረች ጀምሮ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እጇ ላይ የገባችውን ሴት ሁሉ ይህንኑ ስትጠይቅ ኖራለች፤ ውሃው እስኪሞቅ፣ ፎጣው አንገት ላይ እስኪታሰር ድረስ። ሳትጠይቃት ወንበሩ ላይ ያስቀመጠቻት ሙሽራ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ሾና ቢተን ናት።

ሾናን ማንም ጠይቋት አያውቅም። ከግራ ዓይኗ ሥር ተነስቶ ጉንጯን ሞልቶ እስከ መንጋጋዋ የሚወርድ ቀይ ምልክት አላት፤ በእኛ አፍ ማርያም የሳመችው የሚባለው ዓይነት፣ ግን ሰፊ፣ ወይን የፈሰሰበት የሚመስል። አባቷ ሎኪም ያንኑ ምልክት በዚያው ጉንጩ ላይ ይዞት ነበር። ሎኪ በግንቦት ወር አንድ ማለዳ ሎብስተር የሚባለውን የባሕር እንስሳ ሊያጠምድ ወጥቶ ጀልባዋ ባዶዋን ስትገኝ ሾና የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ሬሳው አልተገኘም። ከዚያ በኋላ አሮጊቶች ልጅቷን ሱቅ ውስጥ ሲያገኟት ፊቷን አይተው ከቦርሳቸው ከረሜላ ፈልገው ይሰጧታል። የማን ልጅ እንደሆነች ጉንጯ ይናገራል።

የቬርና ሱቅ የቤቷ የፊተኛው ክፍል ነው። አንድ መስተዋት፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ አሮጌ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ። እናቷ ይህንን ሥራ ሥራ አትለውም ነበር፤ «ሰው የራሱን ፀጉር አበጥሮ ይወጣል» ትል ነበር፣ እየሞተች እንኳ። ቬርና ግን የሙሽሮች እጅ ተብላ ታወቀች። በበጋ፣ እዚያ ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተነስታ ሙሽራዋን፣ ሚዜዎቹን፣ የሙሽራዋን እናት፣ አንዳንዴም ሳትጠራ የመጣች አክስትን ስታስውብ ትውላለች፤ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ኋላ ቆማ፣ ነጠላ ጫማዋን እንደተጫማች፣ ዓይነ ርግቡ ፀጉሩን ሳያበላሽ መቀመጡን አይታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። የሥራዋ ደመወዝ ዋናው ይህ ይመስላት ነበር።

ሾና ለሙከራ የመጣችው በሚያዝያ ነው፤ በረዶው ዘግይቶ የሄደበት ዓመት። በዚህ ሙያ ደንብ ሆኖ፣ ሳይነካ በፊት ፊት ፎቶ ይነሳል፤ ቬርናም በስልኳ አነሳቻት። ከዚያ የሾና ፊት ምን እንደሚፈልግ የምታውቅ መስሏት፣ ጠባሳና ቃጠሎ የሚሸፍነውን ወፍራሙን ቅባት ከፈተች። ሾና እጇን ያዘቻት።

«እሱን ተይው፣ ቬርና።»

«የቱን?»

«አባዬን።»

ቬርና ቅባቱን መልሳ ከደነችው። ለምን ብላም አልጠየቀቻትም። ሾና ወደ መሠዊያው ስትሄድ ክንዷን የሚይዝ አባት አልነበራትም። ይዛው ልትሄድ የምትችለው በጉንጯ ብቻ ነበር።

ሰው መተው ቀላል ይመስለዋል። መሸፈን ነው ቀላሉ። ምልክቱን ለመተው ግን የቀረውን ፊት እየቀቡ እስከ ጠርዙ መድረስ ያስፈልጋል። የፊት መቀቢያው፣ ፋውንዴሽኑ፣ አንዲት ክር ታህል ካለፈ ጉንጩ በዱላ የተመታ ይመስላል፤ ወደኋላ ከቀረ ደግሞ ጭምብል ያደረገች ትሆናለች። ቬርና በሠርጉ ዕለት ለከንፈር የምትጠቀምበትን ቀጭን ብሩሽ ይዛ፣ ትንፋሿን እየያዘች፣ ጠርዙን ተከትላ አንድ ሰዓት ተኩል ሠራች። ስትጨርስ የተሠራ ነገር አይታይም ነበር። ሾና ብቻ ነበረች፤ እንቅልፍ የጠገበች፣ ያማረባት ሾና። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስታልፍ ከሎኪ ጋር ጀልባ ይጋራ የነበረው ሽማግሌ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ቬርና ከኋላ ሆና አየችው። ከሠራቻቸው ሙሽሮች ሁሉ እንደዚያች የኮራችባት የለችም።

በዚያው ዓመት፣ በረዶ ሊጥል ሲል፣ ከባሕሩ ዳር ጎልፍ ሜዳው ላይ የተሠራው አዲሱ ሆቴል ለሠርግ ሰዎችን ከሩቅ ማምጣት ጀመረ። ለእንግዶቹ የሚሰጠው የባለሙያዎች ዝርዝር ነበረው። ቬርና ሄዳ ስትጠይቅ፣ የሠርግ ክፍሉ ኃላፊ የሆነችው ወጣት ሴት በትሕትና፣ ሻይ እንኳ ጋብዛ፣ ዝርዝሩ ውስጥ የሚገቡት በሠርግ ባለሙያዎች ማኅበር የተሸለሙ ወይም ለመጨረሻው ዙር ያለፉ ብቻ እንደሆኑ ነገረቻት። የሀገሩ ልጆች ወደ ትልቁ ከተማ ሃሊፋክስና ወደ ሀገሩ ምዕራብ ለሥራ እየሄዱ፣ እዚያው እያገቡ ነበር። ሆቴሉ ከሌለ ቅዳሜዎቹ ከየት ይመጣሉ?

መወዳደር አለብሽ ያለቻት የእህቷ ልጅ ኮሊን ናት። ኮሊን በዚያ መስከረም ነው ከምዕራብ የተመለሰችው፤ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀጥራ ኮምፒውተሩ ሁሉ በእጇ ነበር። ቅጹ የሚጠይቀው የአንዲት ሙሽራ የበፊትና የበኋላ ፎቶ፣ ከሙሽራዋ የፈቃድ ፊርማ፣ እና ባለሙያዋ ስለራሷ የጻፈችው ሁለት መቶ ቃል ነበር። ሾና ስትጠየቅ ደስ ብሏት ፈረመች። ስለራስ መጻፉ ግን ቬርናን አንድ ሳምንት አስቀመጣት። በመጨረሻ ወረቀቱን ስትሰጣት ኮሊን አየችውና ቀና አለች።

«አክስቴ፣ ሁለት መቶ ቃል ነው ያሉት። ‹ፀጉር እሠራለሁ› ብለሽ ሁለቱን ጻፍሽ።»

«ቀሪውን አንቺ ጨምሪበት፤ አፍ የተሰጠሽ አንቺ ነሽ።»

ኮሊን ጨመረችበት። የበኋላውንም ፎቶ፣ ፎቶ አንሺው ዳረል ሠርጉ ላይ ለሠሩት ባለሙያዎች ከላካቸው መካከል እሷው መረጠች። ቬርና በስልኳ ትንሽ መስኮት ላይ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ እንደሰቀለች፣ ቀሚሱንና ፀጉሩን አይታ «ታምራለች» አለች። ተላከ።

መልሱ በየካቲት መጣ፤ ለመጨረሻው ዙር ካለፉት ሦስት አንዷ ቬርና ናት፣ የእራት ግብዣውና ሽልማቱ በመጋቢት መጨረሻ ሃሊፋክስ ነው። ወሬው ደብዳቤውን ቀድሞት ዞረ። የኅብረት ሱቁ መስኮት ላይ «የኛዋ ቬርና» የሚል ትልቅ ወረቀት ተለጠፈ። ሐኪም ቤት ተራ ስትጠብቅ ሰው ተነስቶ ወንበር ለቀቀላት። እናቷ ሳታይ መሞቷ በዚያን ሰሞን ከበፊቱ በላይ ከነከናት።

ከደብዳቤው ጋር የዳኞቹ ቃል ነበረ፤ ኮሊን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አነበበችላት። ከዓይን ሥር እስከ መንጋጋ የሚደርሰውን ምልክት ዱካው እንኳ እንዳይቀር አድርጎ ያጠፋ እጅ ይላል፤ እንዲህ ያለ መሸፈን በዳኝነት ዘመናችን አላየንም ይላል።

ቬርና ድገሚልኝ አለቻት። ደገመችላት። ከዚያ ፎቶውን በትልቁ አምጪው አለች፤ መነጽሯን አወረደች። ሾና በዓይነ ርግቧ ውስጥ ሆና ትስቃለች። ግራ ጉንጯ እንደተላጠ እንቁላል ነጭ ነው።

«ይሄ የኔ ሥራ አይደለም» አለች ቬርና።

ኮሊን ሠርጉ ላይ አልነበረችም። አክስቷ የሸፈነችው መስሏት፣ እንዲያውም በልቧ አድንቃት ነበር። ያንን ስትናገር አንገቷ ድረስ ቀላች።

ዳረል ሲደወልለት አልካደም። ፎቶ ሲያሰማምር በኮምፒውተር ብጉሩንም ሽብሽቡንም እንደሚያጠፋው ሁሉ ምልክቱንም ደግ የሠራ መስሎት አጥፍቶት ነበር። ሾና አልበሙን ስታይ አለቀሰች፤ የእሷን ሙሉውን እንደገና ሠርቶ፣ ጉንጯን መልሶ ሰጣት። አስቀድሞ ለባለሙያዎቹ የላከውን ግን ረሳው። ቬርናን ይቅርታ ጠየቃት፤ ከዚያ ዝም በይ፣ እኔና አንቺ ካልተናገርን ማን ያውቃል አላት። ክፉ ሰው አይደለም ዳረል። ፈርቶ ነው።

ቬርና ሁለት ቀን ስታወጣ ስታወርድ ቆየች። በሦስተኛው ቀን ፎቶውን በወረቀት አሳትማ ወደ ሾና ቤት ሄደች፤ ወደቡን ከሚያየው ቢጫ ቤት። ሾና ሻይ ቀድታ፣ የአጃ ቂጣ በቅቤ አቅርባ ተቀመጠች። ቬርና ሳትቀባባ ሁሉንም ነገረቻት፤ ዳኞቹ ያሉትን፣ ሆቴሉ የሚፈልገውን፣ እውነቱን ብትናገር የሚቀርባትን። ወረቀቱንም አስቀመጠችላት። ሾና ረጅም ጊዜ አየችው።

«ውሰጂው ሽልማቱን» አለች። «እውነተኛው እኔ ቤት ግድግዳው ላይ አለ። ይሄኛው ወረቀት ነው። ላንቺ እንጀራ ከሆነ እኔን ምን ጎደለብኝ?»

አነጋገሯ ከልቧ ነበር፤ ቬርናም ይህን ከድምጿ አወቀች። ነገር ግን ሾና ይህን ስትል ግራ እጇ ተነስቶ ጉንጯን ሸፍኖት ነበር። እንደዚያ አድርጋ የታየችው ትንሽ ተማሪ ሳለች፣ ከከተማ የመጡ ልጆች ያፈጠጡባት ጊዜ ብቻ ነው። እጇን ማንሳቷን ራሷም አላወቀችም። ቬርና ሻይዋን ጨረሰች፤ ቂጣውን አመሰገነች፤ ወጣች።

ለማኅበሩ የሚላከውን ደብዳቤ በእጇ ጻፈችው፤ ኮሊን በኮምፒውተር ገለበጠችው እንጂ አንዲት ቃል አልጨመረችበትም። ዳኞቹ ያደነቁት የሰው እጅ ሳይሆን የኮምፒውተር እንደሆነ፣ ሙሽራዋ ምልክቷ እንዲታይ ፈልጋ እንደነበር፣ የእሷ ሥራ ከዚህ ጋር የተላከው፣ ከሾና ቤት የመጣው ሁለተኛው ፎቶ ላይ ያለው እንደሆነ ነገረቻቸው። ሾና ለዚያኛውም ፈረመች፤ ይህን ጊዜ እጇ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ከስድስት ቀን በኋላ መለሱ። ስለ ቅንነቷ አመስግነዋታል። አዲሱን ፎቶ ዳኞቹ አይተውታል፤ በበፊቱና በበኋላው መካከል በቂ ለውጥ ስላላገኙ ስሟ ከሦስቱ ወጥቷል። ከፈለገች በእንግድነት እራቱ ላይ መገኘት ትችላለች።

ኮሊን ወንበሯን ገፍታ ተነሳች። «በቂ ለውጥ!» አለች፣ ቤተ መጻሕፍት መሆኑን ረስታ። «ዓይን የላቸውም እንዴ?»

«እውነታቸውን ነው» አለች ቬርና። «እንዳይታይ ብዬ አይደል የደከምኩት።»

የሱቁን ወረቀት ራሷ ሄዳ ላጠችው። ባለሱቁ ምነው ሲላት የፎቶ ስህተት ነበር ብላ አለፈች። ከዚያ በላይ ብትናገር የሾና ጉንጭ በየኩሽናው ሊወራ ነው፤ ስለዚህ አልተናገረችም፤ ያልተነገረውን ደግሞ ሰው በራሱ ሞላው። ፖስታ ቤት ውስጥ አንዷ ለሌላዋ ቬርና የውሸት ፎቶ ልካ ተያዘች ስትላት በጆሮዋ ሰማች። ያቺ ሴት ራሷ በቬርና እጅ ተውባ የተዳረች ናት፤ ሁለት ልጆቿንም ቬርና ናት የዳረችላት። ቬርና ቴምብሯን ገዝታ፣ ከሴቶቹ ጋር በርዷል አይደል ተባብላ፣ ወጣች።

ሃሊፋክስ አልሄደችም። የሆቴሉ ዝርዝር በግንቦት ሲወጣ ከሌላ ከተማ የመጡ ሦስት ስሞች ነበሩበት። በዚያ በጋ ወንበሯ ላይ የተቀመጡት ሙሽሮች አምስት ነበሩ፤ ከዚያ በፊት በአንድ ሐምሌ ብቻ ያንን ያህል ትሠራ ነበር። የቀረውን ጊዜ የአሮጊቶቹን ፀጉር በቢጎዲ እየጠቀለለች፣ እየፈታች አሳለፈችው።

በነሐሴ አንድ ቅዳሜ ኮሊን ፎጣ ልታጣጥፍላት መጣች። ከመስኮቱ ውጭ በነጭ ጥብጣብ ያጌጡ መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ ወደ ሆቴሉ ያልፋሉ። ኮሊን ፎጣ እንደያዘች የመጨረሻው እስኪያልፍ አየች።

«አይቆጭሽም፣ አክስቴ?»

«ይቆጨኛል እንጂ» አለች ቬርና። «ቅዳሜ ቅዳሜ ይቆጨኛል።»

 ከዚያ መጥረጊያውን ከበሩ ኋላ አንስታ፣ ከማለዳ ጀምሮ አንዲት ክር ፀጉር ያልወደቀበትን ወለል፣ ከመስተዋቱ ሥር ጀምራ እስከ ደጃፉ ድረስ ጠረገችው።