የመምህር ፈይሳ እጅ

ልጅ ሆኜ ነቀምቴ አቅራቢያ ኡኬ ከተማ ስማር፣ የክፍላችንን ሰሌዳ የምናጠቁረው እኛው ነበርን። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ፈልፍለን፣ ጥቁሩን በውሃ በጥብጠን እንቀባዋለን። ሽታው ከርጥብ ጭቃ ግድግዳ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ እስከ ቤት ይከተለን ነበር። ፊደል የለየሁት እዚያ ነው፤ ብዙም አልለየሁ።

አስተማሪያችን መምህር ፈይሳ ጽሕፈታቸው ያማረ ነበር፤ የሰርግ መጥሪያ የሚያስጽፍ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነው የሚሄደው። አንድ ክረምት ታመው ተኙና መስከረም ላይ ተመለሱ። ይናገራሉ፣ ያነባሉ፣ እንጨትም ይፈልጣሉ። ጠመኔ ሲይዙ ግን ፊደሉ እምቢ ይላቸዋል። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። «ጉርባ ኮ፣ ና» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። መጽሐፉን ገልጠው ያስይዙኝና እጄን በእጃቸው ጨብጠው ሰሌዳው ላይ ያስጽፉኛል። የክፍሉ ልጅ ሰነፉን የሚያስተምሩ ይመስለዋል። እኔ ግን ከመጽሐፉ እያየሁ እገለብጣለሁ፤ የሚመራው የኔ እጅ ነው፣ የሳቸው ተከትሎ ይሄዳል።

ልጆቹ መሳቂያ አደረጉኝ። «ሙሽሪት መጣች፣ እጇን ያዙላት» ይሉኛል ገና ከበር ስገባ። ለመምህር ብነግራቸው፣ «ትንሽ ታገሰኝ፣ ይመለስልኝ ይሆናል። ካወቁብኝ ያባርሩኛል፤ ሌላ ሥራ አላውቅም» አሉኝ። ታገስኩ። ሙሽሪት መባሉ ግን አልቀረም።

አንድ ቀን ዳይሬክተሩ ከነቀምቴ የመጡ ሰዎች አስከትሎ ገባ። መምህር እንደ ልማዳቸው ጠሩኝ፣ እጄን ያዙ። እኔ እጄን አላላሁት፤ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተውኩት። ጠመኔው ሰሌዳውን እንደ ዶሮ ጫረው።

«እኔ አይደለሁም፤ የማይችሉት እሳቸው ናቸው» አልኩ።

ዳይሬክተሩ ጠመኔውን ሰጣቸው። «ስምዎን ይጻፉልን፣ መምህር።»

ጠመኔውን ሰሌዳው ላይ አሳረፉ። አንድ ትል የመሰለ ነገር ሣሉ። ክፍሉ ሳቀ፤ ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ዳይሬክተሩ «ጠጥተዋል» አለ። መምህር ወደ እኔ ዞረው፣ «በል ጉርባ ኮ፣ ሂድ ተቀመጥ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ሲያስተምሩ አላየኋቸውም።

እናቴ ስትሰማ አልመታችኝም። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት አሉ» ብላ ሥራዋን ቀጠለች። አዲሱ መምህር የማንንም እጅ አልያዘም፤ እኔም በዓመቱ ትምህርት ተውኩ።

አሁን ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ነው የምኖረው። ዘንድሮ ጎረቤቴን ያው የመምህር በሽታ ያዘው፤ ያነባል፣ መጻፍ ግን እምቢ አለው። ሐኪሙ ከጭንቅላት ነው አለ፣ እጁ ደህና ነው አለ። ያኔ ስካር የተባለው ዛሬ መድኃኒት ይታዘዝለታል፣ ለጎረቤቴም ደብተር ተገዛለት፣ የልጅ ልጆቹ ይከቡታል። ሴት ልጁ መጥታ፣ «አባባ፣ አባቴ አጠገብ ቁጭ ብለው ጽሕፈት ቢያለማምዱልኝ፤ እኛን ያፍራል፣ እርስዎን አያፍርም» አለችኝ።

ፊደል አልቆጠርኩም አልኳት። አመነችኝ፤ ይቅርታም ጠየቀችኝ።

ግድግዳችን ስስ ነው። ጠዋት ጠዋት «እንደገና አባ፣ ቀስ ብለህ» ስትለው ይሰማኛል። ራዲዮኑን ከፍ አደርገዋለሁ።