ዳር የወጣው ፈረስ

ቼዝ የማስተምራቸው ልጆች ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «መምህር፣ ስንት አከፋፈት እንሸምድድ?» እኔም የጨዋታን መጀመሪያ መሸምደድ ብቻውን የትም እንደማያደርስ፣ እያንዳንዱ እርምጃ ለምን እንደሚደረግ ማወቅ እንደሚበልጥ አፌን ሞልቼ እነግራቸዋለሁ። እኔ ራሴ አንድ የተሸመደደ ነገር ይዤ እንደምዞር ግን አያውቁም።

ቼዝ ያስተማረችኝ ከሐዋሳ መጥታ መቐለ ዩኒቨርሲቲ አብራኝ የተማረች ልጅ ናት። የእሷ ዶርም ኮረብታው ላይ እንዳ ኢየሱስ ግቢ፣ የእኔ ቤት ከተማ ስለነበር ከክፍል ስንወጣ ቁልቁል እስከ ታክሲው ድረስ ትሸኘኛለች። መንገድ ላይ፣ ቦርድ ሳንይዝ፣ አከፋፈት በቃል ታስጠናኛለች። የነጩን እኔ እላለሁ፣ የጥቁሩን እሷ ትመልሳለች። ከተሳሳትኩ ከመጀመሪያው ታስጀምረኛለች። ሽምደዳ ከልጅነቴ አልወድም፤ ድምፅዋን ደጋግሜ ለመስማት ግን እያወቅኩ እሳሳት ነበር።

ስድስተኛው እርምጃ ላይ ሁልጊዜ እንጣላለን። ፈረሴን ወደ ቦርዱ ዳር ታስወጣኛለች።

«ዋእ! ፈረስ ዳር ወጥቶ ምን ይሠራል?»

«መጽሐፉ ነው ያለው። አትከራከረኝ፣ ዝም ብለህ ሸምድድ!»

ከዚያ እሷ ፈረሱን በመብላት ፈንታ በሌላኛው ጫፍ ያለውን ወታደር አንድ ቤት ትገፋለች። ስትኮራበት ደግሞ! ይህን ጊዜ ታክሲው ጋ ደርሰናል። የቀረውን ነገ እንላለን፣ ነገ ደግሞ ከመጀመሪያው እንጀምራለን። እንደወደድኳት ታውቅ ነበር መሰለኝ።

ጦርነቱ መጣ። ከሌላ ክልል የመጡት ተማሪዎች በአውቶቡስ ተወሰዱ፤ ስልኩም ኢንተርኔቱም ጠፋ። ሲመለስ መጀመሪያ የደወልኩት ለእሷ ነው። ቁጥሩ አይሠራም። ቀጥዬ ያንን አከፋፈት ፈለግኩ። የትም የለም። ፈረሱ ዳር የሚወጣበት አንድም ምክንያት የለም፤ ጭራሽ የሚያስበላ ነው። ያቺ ደረቅ፣ ተሳስታ ሸምድዳ ስህተቷን ለእኔም አሸምድዳኝ ሄዳለች። ብቻዬን ሳቅኩ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ መጣ።

አሁን ከሥራ ስመለስ በስልኬ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር እጫወታለሁ። ነጭ በደረሰኝ ቁጥር ፈረሴን ዳር አወጣለሁ። ነጥቤ ወርዶ ወርዶ ተማሪዎቼ በልጠውኛል። «መምህር፣ ይሄን አትጫወቱ ብለውን የለም እንዴ?» ይሉኛል። ብያለሁ። ሰው ሁሉ ያን ፈረስ ሲያይ ሊበላው ይሯሯጣል፤ የሩቁን ወታደር የምትገፋው አንዲት ሰው ብቻ ናት። እሷን ነው የምፈልገው። ናፍቃኛለች።

ባለፈው እሑድ አንድ ሰው ያን ወታደር ገፋ።

«እንዳ ኢየሱስ?» ብዬ ጻፍኩ። «አንቺ ነሽ?» አልኩ። ስክሪኑ ላይ ያሉት የእኔ ሁለት መስመሮች ብቻ ናቸው። ተራው የእኔ ነበር፣ የጨዋታው ሰዓት እየቆጠረብኝ ነው፤ ተማሪዎቼን «ለምን እንደሆነ አስቡ» የምለው ሰውዬ አንድ እርምጃ ማሰብ አቃተኝ። ከዚህ በኋላ ያለውን አላስጠናችኝም። እዚህ ስንደርስ ሁሌ ታክሲው ይመጣ ነበር።

ሰዓቴ አልቆ ተሸነፍኩ።