የሃክስቶው ትልቁ በር

ቲርዛ ለሃክስቶው ጌቶች ትልቁን የብረት በር ስትከፍትና ስትዘጋ አረጀች። ሠረገላቸውን አስገብታበታለች፣ አስከሬናቸውን አስወጥታበታለች። እሷና ባሏ ኤብነር ግን እንደማንኛውም ሠራተኛ በጎን ባለችው ጠባብ በር ነበር የሚወጡት የሚገቡት። ደንብ ነው፤ ለምን ያለም አልነበረ።

ኤብነር የጌቶቹ ትልቅ ቤት አናጢ ነበር፤ ዕድሜውን ጣሪያ ላይ ጨረሰ። ሽማግሌው ጌታ ሀብቱን በፈረስ ውድድር ሲበትን፣ ልጁ ጦርነት ሄዶ ሲቀር፣ ቤቱ ለልጅ ልጁ ሲተርፍ፣ እሱ ያው ቀዳዳ ይደፍናል። "ጌታ ይመጣል፣ ጌታ ይሄዳል፤ ዝናቡ ግን ያው ነው" ይል ነበር።

የልጅ ልጁ የውርስ ግብሩ ቢያቅተው ቤቱን ለአፍራሾች ሸጠው። ቲርዛና ኤብነር የሚኖሩባት የበር ጠባቂ ጎጆም አብራ ተሸጠች። ያኔ ኤብነር ሳንባውን ታሞ አልጋ ከያዘ ከርሟል። ቲርዛ የአፍራሾቹን አለቃ ሚስተር ዴልፍን፣ ባሌ በገዛ አልጋው ይሙትልኝ፣ እኔም በሩን እከፍትላችኋለሁ፣ ሻይም አፈላላችኋለሁ ብላ ለመነችው። ዴልፍ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ትልቁ ቤት ፈርሶ እስኪያልቅ ተቀመጡ አላት።

ከጎጆዋ መስኮት የሚታየው ዛፍ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ግድግዳ ሲናድ ኤብነር ዓይኑን ገለጠ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ጣሪያውን እየጠገኑ ነው።"

"በሰሜን በኩል ያለውን አሸንዳ እንዳይረሱት ንገሪያቸው።"

"ነግሬያቸዋለሁ።"

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ስለ ጥገናው ታወራለታለች፤ እሱም ያንን እየሰማ እንቅልፍ ይወስደዋል። ከቤቱ ቀድሞ እንዲሞትላት መጸለይ ጀመረች፤ ከዚያ ታፍርና ጸሎቷን ታቋርጣለች።

ቤቱ ቀደመው። የመጨረሻው ጭስ ማውጫ የወደቀ ዕለት ዴልፍ ቆቡን በእጁ ይዞ መጣ።

"ሽማግሌሽ ከድንጋዩም ይበልጥ ጠንካራ ሆነ" አላት፤ በቀልዱ ግን ራሱም አልሳቀ። ወደ ከተማው ሆስፒታል የሚያደርሰው የጭነት መኪና ከውጭ መንገዱ ላይ አቆመላት።

ሠራተኞቹ ኤብነርን ከነፍራሹ ተሸክመው ወደ ጠባቧ በር አቀኑ።

"በዚያ አይደለም" አለች ቲርዛ፤ ትልቁን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። አንድ ቀን እንኳ እንደ ጌታ ይውጣ ብላ ነው። ከዚያ በር ላይ የቆመ ሰው ትልቁን ቤት ፊት ለፊት እንደሚያየው ለመጀመሪያ ጊዜ ረሳች።

ኤብነር አንገቱን ቀና አደረገ። ቤቱ በነበረበት ቦታ ሰማይ ብቻ ነበር። አይቶ አይቶ ወደ እሷ ዞረ።

"አሸንዳውን ረስተውታል፣ ቲርዛ።"

ከበሩ እንደወጡ፣ እንደ ልማዷ ልትዘጋው ዞር አለች። እሱ ግን እጇን ይዞ አልለቅ አላት፤ በሩም እንደተከፈተ ቀረ።